ቁጥር ሰባት ስለ እኔ ነው

ተመራማሪዋ ለዶክትሬቷ የምታጠናው በሥራ ቦታ የሚደርስን ጾታዊ ትንኮሳ እንዴት መከላከል እንደሚቻል ነው። አንድ ማለዳ መጠይቋን ይዛ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሄደች። ሴቶቹ ወረቀቱን ቢቀበሏትም አንዲትም አልሞላችም፤ የፈረቃ አለቃው ቆሞ ያያቸዋላ!

አለቃው አንዱን ወረቀት አንስቶ ሲያነብ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ተመራማሪዋ ከሰው ሀብት ኃላፊዋ ጋር የተቀመጠችበትን ቢሮ በርግዶ ገባ።

«ቁጥር ሰባት ስለ እኔ ነው! ማናት የነገረችሽ?»

«ኧረ ጋሼ፣ መጠይቁን ያዘጋጀሁት አምና ነው። ያኔ እርስዎን የት አውቄ?»

«አትሸውጂኝ! ወገብ መንካቱስ ይሁን፣ ዘጠነኛው ላይ ያለውን የመጋዘኑን ነገር ከእሷና ከእኔ በቀር ማን ያውቃል?»

ኃላፊዋ መነጽሯን አስተካክላ፣ «ቀስ ይበሉ፣ እየጻፍኩ ነው» አለችው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ግን መጠይቅ አወጣው። በሳምንቱ ከሥራ ታገደ። ያኔ የሴቶቹ እጅ ተፈታ፤ ቦታው አልበቃ ብሏቸው በወረቀቱ ጀርባ ሁሉ ጻፉ።

ተመራማሪዋ እየበረረች አማካሪዋ ዘንድ ሄዳ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እሱም ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ «የሰውዬውን ቃል ግን ጥናቱ ውስጥ አታስገቢውም» አላት። «የፈቃደኝነት ቅጽ አልፈረመማ!»