አግዳሚው ወንበር

አባቷ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር አሮጌውን አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ወደ ስፌት ቤቷ ሲገቡ ስታይ ለምን እንደመጡ ወዲያው ገባት። ወንበሩን የሠሩት አያቷ ናቸው። በእሳቸው ጊዜ፣ በሚሠሩበት የሽመና ፋብሪካ፣ የሠራተኛ ተወካዮች አለቃውን የሚያነጋግሩት ቆመው ነበር። አያትየው "እኛም እግር አለን፣ ይደክመናል" ብለው ይህንኑ ጠርበው ይዘው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከቤተሰቡ ለድርድር የሚሄድ ሁሉ ወንበሩን ይዞ ይሄዳል። እሷም ተቀጥራ በምትሰፋበት ዘመን ተሸክማዋለች።

አሁን ስፌት ቤቱ የራሷ ነው። ሴቶቹ ማኅበር አቋቁመዋል፤ ማን እንዳስተማራቸው አልጠየቀችም። ጡረታ የወጣ አባት መቼ አርፎ ይቀመጣል!

ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነው፤ የኋላው በር በሥራ ሰዓት አይቆለፍ። እሷ ደግሞ በቅርቡ የተሰረቀባት ጥቅል ጨርቅ እስካሁን ያንገበግባታል። በሩ ከተከፈተ ስንት ዓመት የለፋችበት ቤት ባዶውን ይቀራል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ እንቢ ልትል ቆርጣለች።

ሴቶቹ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እሷም እንደ ልማዷ ጫፉ ላይ ተጠጋግታ ቁጭ አለች። አንዷ ሳቋን በእጇ አፈነች።

"ልጄ፣" አሉ አባቷ ቀስ ብለው፣ "የዛሬው ቦታሽ ወዲያ ነው።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ተነሥታ ከጠረጴዛው ማዶ ያለችው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ከዚያ ሆና ስታያቸው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል፤ ከጀርባቸው የተቆለፈው በር ይታያል።

"እሳት ቢነሣ በየት እንውጣ?" አለች ትልቋ ሰፊ፣ ያለ ቁጣ።

እሷም በወጣትነቷ እዚያ አግዳሚ ላይ ሆና ይህንኑ ጠይቃ ነበር።

"ጨርቁስ?" አለች ዝግ ብላ።

"በተራ እንጠብቀዋለን፣ እትዬ።"

በአባቷ ተናደደች፤ ደግሞም ኮራችባቸው። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ወደ እሳቸው ገፋችው። አልነኩትም።

"እኔ ምን አገባኝ? ለእነሱ ስጪ እንጂ።"

ለትልቋ ሰፊ ሰጠቻት። በሩ ተከፈተ፤ ነፋስ ገባ።

ሲጨርሱ የአግዳሚውን አንድ ጫፍ ያዘች። "ወደ ቤት ልሸኝዎት፣ አባባ?"

"ወንበሩን ተዪው፣ እዚሁ ይቀመጥ፤ ገና ይፈልጉታል። ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁ? ግትርነትሽን አውቀዋለሁ።"