ለእርስዎ ምንዎ ናቸው?

ልጅቷ ወደ ሕንጻችን ስትመጣ መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። ጥቁር፣ ተረከዙ የተበላ፣ ለብዙ መንገድ የተገዛ ጫማ። እኔ ከበሩ ጎን ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ከፋብሪካው ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እዚያ እቀመጣለሁ። የሚገባውንም የሚወጣውንም አያለሁ።

ልብስ ተኳሹ ጋበር ከትይዩ ሱቁ አንገቱን አወጣ።

«ሐጂ ሙተወሊ፣ ጫማዋን አየኸው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የመንግሥት ጫማ ነው። የእርዳታ ሰው ቢሆን ነጭ ስፖርት ጫማ ያደርግ ነበር።»

«አንተ ካውያህን ያዝ፤ የሰው ሸሚዝ እንዳታቃጥል» አልኩት። ግን እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነበር።

ልጅቷ ሰላም አለችኝ። ሪሃም እባላለሁ አለች። ከአንድ የጥናት ማዕከል ነው የመጣችው። በከተማችን በሹብራ አልኸይማ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ጠግቦ እንደሚያድር፣ ማን እንደሚጎድልበት ይጠይቃሉ፤ ያገኙትን ሕግ ለሚያወጡት ሰዎች ያቀርባሉ። የእኛ ቤት በዕጣ እንደወጣ ነገረችኝ። በዕጣ! በዚህ ከተማ ስንት ሺህ በር አለ። ዕጣው ተንከራትቶ ተንከራትቶ እኔ በር ላይ ቆመ።

«የሚነግሩን ሁሉ ምስጢር ነው» አለች። «ለማንም አይነገርም።»

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሽመና ማሽን አጠገብ ነው። እዚያ ምስጢር ነው የተባለ ነገር ሁሉ ከምሳ በፊት ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ይደርስ ነበር።

የምፈራውን አሁኑኑ ልናገር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኢንሺራሕ ትኖራለች፤ በልጇ ስም ኡም ሰፍወት እንላታለን። የዘናቲ ሚስት ነበረች። ዘናቲ የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ ሞተ። የእኔም ሚስት ሞተች። ከዚያ በኋላ ኢንሺራሕን አገባኋት። በሁለት ምስክር ፊት፣ በአላህ ሥርዓት። መዝገብ ጽሕፈት ቤት ግን አልሄድንም። መበለት ስታገባ የሟች ባሏ ጡረታ ይቆማል፤ ሕጉ ነው። የእኔ ጡረታ ከመድኃኒቴ አያልፍም፤ የምንበላው በዘናቲ ጡረታ ነው። ስለዚህ ቀን ቀን እሷ ላይ ነች፣ እኔ ታች ነኝ። ሲመሽ በደረጃው ትወርዳለች። እንዲህ የምንኖረው እኛ ብቻ አይደለንም። ሰፈሩ ያውቃል፤ አይናገርም። ልጆቼ ብቻ አያውቁም። ሁለቱም ርቀው አዲሱ ከተማ ነው የሚኖሩት፤ ለበዓል ይመጣሉ፣ ኡም ሰፍወትን «ደግ ጎረቤት» ይሏታል።

ልጅቷን አስገባኋት። ባዕድ ሴት ቤቴ ስትገባ በር አልዘጋም፤ ወለል አድርጌ ተውኩት።

ጠየቀችኝ። ውሃው በየቀኑ ይመጣል ወይ? ሥጋ መቼ በሉ? ታመው መድኃኒት ሳይገዙ የቀሩበት ጊዜ አለ? በአጭር በአጭሩ መለስኩ። በታብሌቷ ላይ እየነካካች ትመዘግባለች። ከዚያ እንዲህ አለች።

«ከእርስዎ ጋር ከአንድ ድስት የሚበላ ማን አለ?»

«ማንም።»

ዓይኗ ወደ ምድጃው ሄደ። ሙሉኪያ፣ የቅጠል ወጥ፣ ተጥዶ ነበር። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«እጅዎ ይባረክ፤ እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«ጎረቤት ናት።»

«የትኛዋ ጎረቤት?»

ድስቱም በዕጣ ነው የወጣው?

«ሦስተኛ ፎቅ ያለችው መበለት» አልኩ።

«እሳቸው ለእርስዎ ምንዎ ናቸው?»

«ምኔም አይደለችም!» ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። «እኔና እሷ ምንም አይደለንም። እንዲያ ብለሽ ያዢው።»

ደረጃው ላይ ሲወርድ የነበረ ነጠላ ጫማ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ ላይ ተመለሰ።

ልጅቷ ከእኔ ስትጨርስ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ቆየች። አንዴ ሲስቁ ሰማሁ። ምን የሚያስቅ ነገር አለ? ስትወርድ ፊቷን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም። እንዲህ ያለ ፊት አልወድም።

ጋበር ሸሚዝ ላይ ውሃ እየረጨ «ኡም ሰፍወት ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስታወራት ነበር?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ሴት ልጅ ደግ ፊት ካየች ሆዷን ትዘረግፋለች። ነግሬሃለሁ።»

ያን ቀን ሲመሽ ኢንሺራሕ አልወረደችም። በማግስቱም አልወረደችም። በሦስተኛው ቀን ሙሉኪያው አለቀ፤ እንቁላል ቀቅዬ በላሁ። ነግራት ይሆናል፣ አሁን እኔን ማየት ፈርታ ይሆናል እያልኩ አሰብኩ። በመጨረሻ እኔ ወጣሁ። በቀን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ አላውቅም ነበር።

«ኡም ሰፍወት።»

«ማን ነው?» አለች ከውስጥ።

«ማን ይሆናል? እኔ ነኝ።»

በሩን ገርበብ አድርጋ በስንጥቁ አየችኝ።

«አንተ ማነህ? ለእኔ ምኔ ነህ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፤ ደረጃው ይሰማል።»

«ደረጃውማ ሰምቷል። የሰማው ግን ያንተን ነው።»

«ለጡረታው ብዬ ነው፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ሼኽ አሽማዊ ሞተ። ከምስክሮቻችን የቀረው ጋበር ነው። ጋበር ደግሞ ለአንድ ሲጋራ ይምላል፣ ለሁለት ሲጋራ ይክዳል። ነገ አንተ ዓይንህን ብትከድን ልጆችህ ይመጡና ‹ይቺ ሴትዮ ማናት?› ይላሉ። አንተ ያለህበት ክፍል አያስገቡኝም። ከጎረቤቶቹ ጋር ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ፤ እሱንም ቀስ ብዬ። ይሄን ሁሉ ችዬው ነበር። ሌላው ባያውቅ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነበር የቻልኩት።»

ያስጨነቀኝ ነገር ከአፌ አመለጠ።

«ለልጅቷ ምን አልሻት?»

የበሩን እጀታ ያዘች።

«አሁንም የምትጠይቀኝ እሱን ነው?» አለችና በሩን ዘጋችው።

ሳምንት ሳይሞላ ጋበር ከመንገዱ ማዶ ጠራኝ።

«ሐጂ! ሦስት ሆነው መጡ! አንዱ መነጽር አድርጓል። አለቀልህ!»

ሪሃም ነበረች፤ ከእሷ ጋር ሌላ ልጅ፣ ከእነሱ ጋር ጢሙ የሸበተ ሰው። ዶክተር ወጊህ እባላለሁ አለ፤ የሐኪም ሳይሆን የጥናት ዶክተር። አስገባኋቸው። በሩን ክፍት ተውኩት።

«አንዳንድ ቤት ሁለት ጊዜ እንጠይቃለን» አለኝ። «ልጆቻችን በትክክል መጠየቃቸውን ለማየት ነው።»

«የራስህን ልጆች አታምናቸውም?»

«ማመን የእኔ ሥራ አይደለም።»

ይሄን አነጋገሩን ወደድኩለት። ሰውየውን ግን አላመንኩትም።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለ። «በሰጣችሁን መልስ ከሄድን ይህ መንገድ ብቻቸውን በሚኖሩ መበለቶች የተሞላ ነው። ትናንት አንድ ጣራ ላይ ወጥቼ የተሰጣውን ልብስ አየሁ። መበለቶቹ ሁሉ የወንድ ፒጃማ ነው የሚያጥቡት።»

አዲሷ ልጅ ሳቋ አመለጣት። ሪሃም በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ፒጃማውን ለማን ልትነግር ነው?» አልኩት።

«የማን ፒጃማ እንደሆነ ለማንም አልነግርም። ፒጃማ መኖሩን ግን እናገራለሁ። ሕግ አውጪዎቹ የሚያዩት ብቸኛ ሴቶችን ነው፤ ለብቸኛ ሰው የሚሆን ሕግ ያወጣሉ። ሕጉ ደግሞ ሰው ትዳሩን እንዲደብቅ ያደርገዋል። በሚቀጥለው ስንቆጥር ብቸኛው በዝቶ ይገኛል። ይሄ ዙሪያ ጥምጥም የሚያበቃው አንድ ሰው እውነቱን ሲነግረን ነው።»

«ያ ሰው እኔ እንድሆን ነው በዕጣ የወጣሁት?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጥሩ የሚናገር ሰው ብዙ አይቻለሁ። ፋብሪካው ሲሸጥም የመጡት ሰዎች ጥሩ ነበር የሚናገሩት።

ሪሃም ታብሌቷን ከፈተች። ውሃውን ጠየቀች፣ ሥጋውን ጠየቀች፣ መድኃኒቱን ጠየቀች። ያው መለስኩ። ወደ ድስቱ ስትደርስ ደረጃው ላይ ነጠላ ጫማ ተሰማ። ኢንሺራሕ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ የሻይ ትሪ ይዛ ገባች። ማንም አልጠራትም። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን አጣጥፋ በሩ አጠገብ ቆመች።

ሪሃም አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እሳቸው ለእርስዎ ምንዎ ናቸው?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ያው የመጀመሪያው።

«ሐጂ» አለች ኢንሺራሕ። «ከመናገርህ በፊት እንግዶቹን ቁጠራቸው።»

«ለእኔ ስኳር አነስ ይበል» አለ ዶክተሩ። ለሻዩ መስሎታል።

እኔ ግን ገባኝ። አንድ ወንድ። ሁለት ሴት። በእኛ ሥርዓት ይህ ሙሉ ምስክር ነው። በዚያን ቀን የካድኳት በአንዲት ልጅ ፊት ነበር፤ እሱን ወሬ ነው ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ዛሬ «ሚስቴ አይደለችም» ካልኩ የተናገርኩት በምስክር ፊት ነው። አንዱ ሼኽ «ውሸት ነው፣ ኃጢአቱ የራስህ ነው» ይለኛል። ሌላው «ፈታሃት» ይለኛል። የትኛው ትክክል እንደሆነ አላውቅም፤ የተማርኩት ጥቂት ነው። ኢንሺራሕ ግን የትኛውን እንደምትከተል ወስና ነው የወረደችው። ፊቷ ላይ ይታያል። ከዚህ ቤት እንደ ሚስት ትወጣለች ወይም እንደ ፈት።

ዶክተሩን አየሁት። ሰላይ ቢሆን ጡረታው ዛሬውኑ ሄደ። የልጅቷን ጫማ አየሁት። ሻዩ ይጨሳል።

«ሚስቴ ናት» አልኩ።

«አልሰማሁም» አለች። ሪሃም አይደለችም ያለችው፤ ኢንሺራሕ ናት።

«ሚስቴ ናት! ኢንሺራሕ፣ የአብዱልሐፊዝ ልጅ፣ በአላህ ሥርዓት ያገባኋት ሚስቴ ናት!»

ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«ሰማህ፣ ዶክተር?»

«ሰማሁ።»

«አንቺስ ልጄ?»

«ሰማሁ እማማ» አለች ሪሃም። ዓይኗን ከታብሌቷ አላነሣችም።

«አንቺስ? ስትስቂ የነበርሽው።»

«እኔም ሰማሁ።»

ኢንሺራሕ ከበሩ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በቀን፣ በር ተከፍቶ፣ አጠገቤ ተቀምጣ አታውቅም።

ዶክተሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ኡም ሰፍወት፣ እኛ ግን ይሄን ለማንም መናገር አንችልም። ቃል ገብተናል። አንድ ቀን ምስክር ሁኑኝ ብትይን እንኳ...»

«አትንገር» አለችው። «ይህን እንዲል የፈለግሁት ለእናንተ አልነበረም።»

ሲሄዱ በር ላይ ቆሜ እስከ ጥጉ በዓይኔ ተከተልኳቸው። ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤቱ በኩል አልታጠፉም። ዞረው በሌላ መንገድ ሊሄዱ ግን ይችላሉ።

«ምን አሉህ?» አለ ጋበር።

«ስለ ውሃ ጠየቁኝ።»

«ለውሃ ሦስት ሰው?»

ወንበሬን አንሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሲመሽ ኢንሺራሕ ወረደች። ድስት ይዛለች፤ ትራሷን በብብቷ ይዛለች። ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ክዳኑ ላይ አደረገች።

«ያን ቀን ለልጅቷ ምን እንዳልኳት ማወቅ ትፈልጋለህ?»

«እፈልጋለሁ።»

«ብቻዬን ነው የምኖረው አልኳት። ለዚያ ቀን ውሸት አልነበረም።»

ዳቦውን ሳብኩ። ክዳኑን አልከፈተችም።

«ይቀዘቅዛል» አልኳት።

«ይቀዝቅዝ። ለሐምዲ መቼ ነው የምትነግረው?»

ሐምዲ የመጀመሪያ ልጄ ነው። ለበዓሉ ሲመጣ ልላት አሰብኩ። እጇን አየሁት። ስልኩን አነሣሁ።

ሐምዲ ስልኩን ሲያነሣ ደነገጠ። «አባዬ፣ ምነው? አመመህ?»

«አላመመኝም። ኡም ሰፍወት ሚስቴ ናት። በሥርዓት ነው ያገባኋት። ከሞትኩ በር አትዝጉባት።»

በዚያኛው ጫፍ ልጆቹ ሲጮኹ ይሰማኛል።

«አባዬ» አለ በመጨረሻ። «ሰምተን ነበር። ከወንድሜ ጋር ተነጋግረንበታል። አንተው ራስህ ካልነገርከን አናውቃትም ልንል ነበር የተስማማነው።»

ኢንሺራሕ የሰማች አልመሰለኝም። እጇ ግን ክዳኑ ላይ ጠበቅ አለ።

«አሁንስ?» አልኩት።

«አሁንማ ነገርከን። ሰላም በልልን።»

«ሰላም ብሎሻል» አልኳት። ክዳኑን ከፈተችው፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው።

በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። የጋበር ሱቅ መብራት ገና አልጠፋም።

«ሐምዲ» አልኩ፣ «ማን ነው የነገራችሁ?»