የወፍጮው ዘንግ

ሥራነሽ ብየዳ የጀመረችው ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ ነው። ጉንደ ወይን ገበያ ዳር ብየዳ ቤት ያላቸው ጋሽ አብዱልቃኒ ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ የሚያግዛቸው ሰው ፈለጉ፤ እሷም እንጀራ ፈለገች። በርና መስኮት መበየዱን ቶሎ ለመደችው። ጠንካራ ብረት ላይ ግን ገና ጀማሪ ነበረች።

የገብረ ሚካኤል ወፍጮ ዘንጉ የተሰበረው መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ነው፤ አዲስ ዕቃ ከየትም አይመጣም። አብዱልቃኒ ስብራቱን ዳበሱና፣

“ይሄ በእሳት የጠነከረ ብረት ነው” አሏት። “መጀመሪያ ከሰል ላይ አሙቂው። ከበየድሽው በኋላ አመድ ውስጥ ቅበሪው፤ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። እስከ ነገ እንዳትነኪው።”

ይህን ብለው ወደ መስጊድ ሄዱ። እሷም እንዳሏት አድርጋ በየደችና ቀበረችው። ብዙም ሳይቆይ ገብረ ሚካኤል መጣ።

“ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ደጄ ላይ ተኮልኩለዋል።”

“ነገ ጠዋት ይውሰዱት፣ ጋሼ።”

“ብረት እኮ ነው እንጂ ሊጥ አይደለም። ምን ያሳድረዋል?”

አንገራገረች። ሰውየው ግን ከበሩ አልነቀል አለ። በመጨረሻ ዘንጉን በጉጠት አውጥታ ውሃ በርሜል ውስጥ ነከረችው። ሲወጣ ስንጥቅ አልታየበትም።

በማግስቱ ወፍጮው እየፈጨ ሳለ ዘንጉ ከብየዳው አጠገብ እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። ስባሪው የገብረ ሚካኤልን ደረት መታው። ደብረ ማርቆስ የሚያደርሰው መኪና ሳይገኝ ሕይወቱ አለፈ።

ለቅሶው ላይ አብዱልቃኒ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው፣ “የበየድኩት እኔ ነኝ” አሉ። ሥራነሽ ሴቶቹ መሀል ሆና ሰማች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከዚያ ወዲያ ወደ ብየዳ ቤቱ ዝር የሚል ደንበኛ ጠፋ። በሩን በድንጋይ የደበደበም ነበር።

ከሰልስቱ በኋላ ሥራነሽ ወደ ሟች ሚስት ወደ ወለተ ኪዳን ሄደች።

“ሳይበርድ ውሃ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ጋሽ አብዱልቃኒ አላዩም።”

“ጠብቅ አላልሽውም?”

“ብያቸው ነበር። ኋላ ግን እሺ አልኳቸው።”

ወለተ ኪዳን፣ “ሂጂልኝ” አለቻት።

ክረምቱ ሲገባ ወለተ ኪዳን ሁለቱን ስባሪ በአህያ ጭና መጣች።

“ሌላ በያጅ የለም” አለች። “ልጆቼ ደግሞ ይበላሉ።”

አብዱልቃኒ የብየዳውን መነጽር ለሥራነሽ አቀበሏት። የብየዳው መስመር ተበላሸባት፤ ሞርዳ እንደገና ጀመረች። ሲያልቅ አመድ ውስጥ ቀበረችው።

“ነገ ይምጡ” አለቻት።

“አልሄድም” አለች ወለተ ኪዳን፣ ነጠላዋን ተከናንባ አመዱ አጠገብ እየተቀመጠች።

ሲነጋ ዘንጉን ጭና፣ ደህና ዋሉም ሳትል ሄደች። ረፋዱ ላይ የወፍጮው ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። ሥራነሽ ማታ ወፍጮው ፈጭቶ ጨርሶ እስኪቆም ድረስ እጇ ሥራ አልያዘላትም።