ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ውባንቺ በወገዳ ከተማ ማመልከቻ እየጻፈች፣ ፎቶ ኮፒ እያነሳች የምትተዳደር ልጅ ናት። የምትሠራበት ክፍል የአያ አድማሱና የባለቤታቸው የእትዬ ዓለምዬ ነው፤ ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ፣ ከባለቤቶቹ መኖሪያ ጋር የተያያዘ። አሮጌው ኮምፒውተሯ ክረምቱ ሲገባ ሞተባት። ወንድሟ ሙሉቀን የሌላ ኮምፒውተር ዕቃ ከባሕር ዳር ለቃቅሞ በአውቶቡስ ላከላትና ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ራሷ ገጣጠመችው። ኮሌጅ የተማረችው ይህንኑ ነበርና አልከበዳትም።

ስታበራው ማራገቢያው ተሽከረከረ፤ ስክሪኑ ላይ የፋብሪካው ምልክት ብቅ አለ። ደስታዋን ሳትጨርስ ስክሪኑ ጨለመ። ማሽኑ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ማንም ሳይነካው ተነሳ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ።

ሚሞሪውን ነቅላ፣ ጫፉን በላጲስ ጠርጋ መለሰችው። ሃርድ ዲስኩን አላቀቀች። የማዘርቦርዱን ባትሪ አውጥታ እንደገና ከተተች። አንዳንዴ ዊንዶውስ ሊከፍት ደርሶ ተስፋ ይሰጣትና ድርግም ይላል። ውሎ አድሮ ግን አንድ ነገር ልብ አለች። ፀሐይ በወጣበት ጠዋት ማሽኑ ደህና ይነሳል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ይጠፋል። አምፖሉም አብሮ ይርገበገባል። አንድ ቀን ዝናብ እየጣለ የኮምፒውተሩን ብረት ስትነካ ክንዷን እስከ ክርኗ ነዘራት።

በዚያው ሰሞን የእትዬ ዓለምዬ ድመት ከጓሮ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ሥር ደርቃ ተገኘች።

«መርዝ አብልተውብኝ ነው» አሉ እትዬ ዓለምዬ፤ ጎረቤቱን በዓይናቸው እየቃኙ።

ውባንቺ ግን ክንዷን የነዘራት ትዝ አላት። አያ አድማሱ ዘንድ ሄደች።

«አያ፣ የቤቱ መብራት ደህና አይመስለኝም። ባለሙያ ቢያየው።»

«አንቺ ልጅ፣ ማሽንሽ አልነሳ ቢልሽ በቤቴ ታሟርቻለሽ? እኔ እዚህ ቤት አንድ አምፖል ተቃጥሎብኝ አያውቅም!»

አፈረች። ምናልባት ጥፋቱ የራሷ ይሆናል ብላ ማሽኑን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ በባጃጅ ጭና፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህር ወደሆነው ወደ ጓደኛዋ ጌዲዮን ወሰደችው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲሰኩት ባንዴ ተነሳ። ሰማዩ ተቀዶ ዘነበ፤ ማሽኑ ንቅንቅ አላለም። ፊልም ከፈቱበት፣ ፋይል ገለበጡበት፤ ምንም።

«ያንቺስ ጤነኛ ነው» አለ ጌዲዮን እየሳቀ። ድንገት ሳቁን ዋጠው። «ቆይ፣ ነዘረኝ ነው ያልሽኝ? በዝናብ?»

«አዎ። ድመቷም…» አለችና ስለ ድመቷ ነገረችው።

ጌዲዮን ከወንበሩ ተነሳ። «ውባንቺ፣ ኮምፒውተሩ አይደለም። ቆርቆሮው ነው መብራት የያዘው።»

ይህን እንዳለ ስክሪኑ ጠፋ። የትምህርት ቤቱም፣ የመንገዱም፣ የከተማው መብራት በሙሉ ሄደ። ውባንቺ «እፎይ» አለች። ግን እፎይታዋ አፍታም አልቆየ። ዝናቡ አባርቷል፤ ዝናብ ሲያባራ እትዬ ዓለምዬ ያጠቡትን ልብስ ያሰጣሉ። የሚያሰጡት ከቆርቆሮው ግድግዳ እስከ አጥሩ በተወጠረ ሽቦ ላይ ነው።

«መብራቱ ሲመለስስ?» አለች።

ማሽኑን እዚያው ትተው ሮጡ።

ግቢው ውስጥ እትዬ ዓለምዬ ባዶ እግራቸውን ጭቃው ላይ ቆመው የራሰ ጋቢ ሽቦው ላይ እየዘረጉ ነበር።

«እትዬ! ልቀቁት! ሽቦውን ይልቀቁት!»

«ምኑን ልጄ? ምን ሆንሽ?» ዞር ሲሉ ጭቃው አንሸራተታቸውና እንዳይወድቁ ሽቦውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

ውባንቺ ማስረዳቱን ተወችው። ቆጣሪው ወዳለበት ወደ ትልቁ ቤት ሮጠች። አያ አድማሱ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሰው ቤት እንዲህ ይገባል? ምን ልታደርጊ ነው?»

በክንዳቸው ሥር ሾልካ ገባችና ከቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበችው።

«መጣ! መጣ!» አሉ የጎረቤት ልጆች። ወዲያ ማዶ የወፍጮው ሞተር ተነሳ፤ የአንዱ ቤት ሬዲዮ ጮኸ። የአያ አድማሱ ቤት ብቻ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ውጭ እትዬ ዓለምዬ ሽቦውን እንደጨበጡ «ምን ነካቸው እነዚህ ልጆች?» እያሉ ነው።

ጌዲዮን መሰላል አስጠግቶ የጣራውን ጠርዝ በእንጨት ቀና አደረገው። ከቆርቆሮው ሥር የተጋደመው የመብራት ሽቦ ልባሱ ተፍቆ መዳቡ ወጥቷል፤ ብረቱን የነካበት ቦታ ጠቁሯል። አያ አድማሱ ወጥተው አዩት። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ። ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«ነግረሽኝ ነበር እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ነግረሽኝ ነበር።»

«ይህን መብራት ማነው የዘረጋላችሁ?» አለ ጌዲዮን።

«ባዩ የሚባል ልጅ። ኋላ ወደ አርብ ገበያ ከተማ ሄደ መሰለኝ።»

«ሌላስ የማንን ቤት ሠራ?»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሱ። ከእሳቸው ደጅ ቁልቁል እስከ ወንዙ የተደረደረውን የቆርቆሮ ጣራ ተራ በተራ ሲያዩ ቆዩ።

«ይሄን ሁሉ» አሉ። «ያኔ መብራት ሲገባ፣ ይሄን ሁሉ የሠራው እሱ ነው።»

ሰማዩ እንደገና ጠቁሮ ነበር። ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አያ አድማሱ ጋቢያቸውን ሳይደርቡ በላይ በኩል ወዳለው ጎረቤት አቀኑ፤ ጌዲዮን ወደ ወንዙ ሮጠ። ውባንቺ አጠገቧ ካለው ቤት ደረሰች። የብረቱን በር ልታንኳኳ እጇን አነሳችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ቤቶች!» ብላ ከውጭ ጮኸች። «ቤቶች!»

«ማነው? መጣሁ!» አለ የሴት ድምፅ። እርምጃ ወደ በሩ ሲቀርብ ተሰማ።

«አይንኩት! በእግዚአብሔር፣ በሩን አይንኩት!»

እርምጃው ከበሩ ወዲያ ቆመ።