የሻንጣው ቀን

ወንድሜ ሻንጣ ማሰናዳት የሚጀምረው ልብስ በማውጣት አልነበረም። መጀመሪያ ባዶውን ሻንጣ ይመዝናል። «ባዶውን ስንት እንደሆነ የማታውቂውን ነገር ሞልተሽ እርግጠኛ አትሁኚበት» ይለኝ ነበር። ከዚያ ከባዱን ዕቃ ወደ ጎማው በኩል ያደርጋል፣ ሸሚዙን ሳያጥፍ ይጠቀልላል፣ ካልሲውን ጫማው ውስጥ ይወትፋል፣ ቀድሞ የሚያስፈልገውን መጨረሻ ያስገባል። የሻንጣውን ሲሶ ባዶ ይተዋል። «ይሄስ ለምንድን ነው?» ስለው «መንገድ የራሱን ሳያሸክምሽ አይመልስሽም» ይላል።

ሥራው ሚዛን ማስተካከል ነበር። ክብደታቸው በትክክል የታወቀ ኪሎዎች በእንጨት ሳጥን ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል። የመድኃኒት ፋብሪካ፣ ላቦራቶሪ፣ የወርቅ ቤት ገብቶ ኪሎዎቹን ሚዛኑ ላይ ያስቀምጥና ሚዛኑ እውነት መናገሩን ያያል። ከዋሸ ያርመዋል፣ ካልዋሸ ይፈርምለታል። ጓደኞቹ «ግራም» ነበር የሚሉት፤ ግማሹ በሥራው፣ ግማሹ በቅጥነቱ።

እኔ እዚያው መሥሪያ ቤት ጉዞውን አቅድ ነበር። ትኬት፣ ሆቴል፣ ቀጠሮ። ሙያውንም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ የሥራ ፈቃድም አለኝ። ግን መንገድ አይስማማኝም፣ ጠረጴዛዬን መረጥኩ።

በእኔና በእሱ መካከል አንድ ጠብ ነበር። ኪሎዎች ከአውሮፕላን ወይ ከመኪና እንደወረዱ ወዲያው አይመዘንባቸውም። ብርድና ሙቀት ተፈራርቆባቸው ስለሚደርሱ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ከክፍሉ አየር ጋር መስማማት አለባቸው። ወንድሜ ለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። «የሻንጣው ቀን» ይለዋል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አይሰማም። «ሁለት ከተማ፣ አንድ ሳምንት። ብረት አይደክመውም በይው» ይለኛል። እኔም ያቺን ቀን እሰርዛለሁ። ወንድሜ መጀመሪያ ይከራከረኝ ነበር፤ ኋላ ተወው። ሲተወው የረታሁት መሰለኝ።

በመጨረሻው ጉዞው የመጀመሪያውን ከተማ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሰኞ ማታ ገባ። በእኔ እቅድ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይሠራል። ረቡዕ ጠዋት ሆቴሉ አልጋ ላይ ሞቶ ተገኘ። «ልቡ ነው» አሉን። ከፋብሪካው የመጣው ደብዳቤ «ሥራው አልተጠናቀቀም» ይላል። እኔ ያንን ዓረፍተ ነገር ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን አነበብኩት። ከመንገድ ሳያርፍ ማክሰኞን ሙሉ ቆሞ ሲሠራ ይታየኝ ነበር። እንዲቆም ያደረግኩት እኔ ነኝ። መቀመጥ አቃተኝ። ቢሮ ቆሜ እጽፋለሁ፣ ቤት ቆሜ እበላለሁ፤ ወንበር እሾህ ያበቀለብኝ ይመስል።

ሥራ አስኪያጁ «ፋብሪካው ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣበታል፤ ማንን ልላክ?» ሲል «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። ለፋብሪካው አዝኜ አልነበረም። ያቺ ማክሰኞ እንዴት እንደዋለች ማወቅ ፈልጌ ነው።

ሻንጣውን ልወስድ ወደ ወንድሜ ሚስት ሄድኩ።

«አንቺ?» አለችኝ። «አንቺን እንኳን አውሮፕላን ደረጃም ያዞርሻል።»

«ቆሜ እሄዳለሁ።»

«ቁጭ በይ እስቲ መጀመሪያ።»

አልተቀመጥኩም። እሷም አልለመነችኝም። ሻንጣውን፣ የኪሎውን ሳጥን፣ ከዚያ ደግሞ ኮቱን አመጣች። «ኪሱ ጥልቅ ነው። የእጅ ሻንጣ ከበደሽ ሲሉሽ ወደ ኪስሽ አዛውሪ። እሱ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፤ ኮቱ አይመዘንም።»

ልብስ መምረጥ አላስቸገረኝም። ወንድሜ «የመንገድ ልብስ ሁሉ የአንድ ቀለም ዘመድ ይሁን፤ ማንኛውም ከማንኛውም ጋር ይለበሳል፣ እድፍም አያሳይም» ይል ነበር። እኔ ያለኝ ጥቁር ብቻ ነው። ሐዘንን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ለመንገድ ግን ሳላውቀው ተሰናድቼ ኖሯል።

ቀሪውን በእሱ ደንብ አደረግኩ። ስልክ ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፍኩ፤ ስልክ ይሞታል፣ ወረቀት አይሞትም። የፋብሪካውን ደብዳቤ ሁለት ቅጂ፣ አንዱን ኮቱ ውስጥ፣ አንዱን ሻንጣው ውስጥ። ከዚያ ዘጋሁት። ከፈትኩት። ዘጋሁት። እንዲህ ስል ጉዞው ደረሰ።

አውሮፕላን ማረፊያው ትኬት የምትቀበለዋ ልጅ የእጅ ሻንጣዬን ሚዛን ላይ አስወጣችው። «ሰባት ኪሎ ከአራት መቶ። ሰባት ነው የሚፈቀደው።»

እቤት ራሴ ባረምኩት ሚዛን ስመዝነው ስድስት ከዘጠኝ መቶ ነበር። የእነሱ ሚዛን ግማሽ ኪሎ ይዋሻል። ማስረጃው ደግሞ እዚያው ሻንጣ ውስጥ፣ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። እጄ ወደ ዚፑ ሄደ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «እህቴ፣ የቸኮለ ሰው አለ» አለ። ወንድሜ «ሚዛን ለማረም ካልተከፈለሽ አታርሚ፤ አውሮፕላኑ ያመልጥሻል» ማለቱ ትዝ አለኝ። መጽሐፉንና ባትሪ መሙያውን ኮቱ ኪስ ከተትኩ። ልጅቷ እያየችኝ ነበር።

«አሁን ልክ ነው» አለች።

«ልክ አይደለም፤ ግን እሺ» አልኳት።

ፍተሻው ላይ ሳጥኑን አስከፈቱኝ። ፈታሹ ወፍራም፣ ጨዋታ ወዳድ ሰውዬ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኪሎ ነው።»

«የምን ኪሎ? የሥጋ? የስኳር?»

«ራሱ ኪሎው። ባዶውን።»

«ባዶ ኪሎ!» ብሎ ጓደኛውን ጠራው። «ና እይ፣ ሴትዮዋ ባዶ ኪሎ ጭና ትዞራለች።» አውራ ጣቱን ወደ አንዱ ኪሎ ሲሰድድ ሳላስበው ጮህኩ።

«አይንኩት! ጣትዎ ይመዝናል!»

የጣት ቅባት ራሱ ክብደት አለው ማለቴ ነበር። እሱ ግን ሆዱን አየና «እሱስ የታወቀ ነው» አለ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ከወንድሜ ሞት ወዲህ አጠገቤ ሰው ሲስቅ ያላስከፋኝ ያኔ ብቻ ነው።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ፋብሪካው ደረስኩ። ሆቴል እንኳን አልገባሁም። የላቦራቶሪ ኃላፊዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ኮቱን አዩ። ከዚያ «እህቱ ነሽ» አሉኝ።

«ነኝ።»

«እግዜር ያጽናሽ። እንግዲህ ሐሙስ ሰዎቹ መምጣታቸው ነው። አሥራ አንድ ሚዛን አለኝ። ከቻልሽ ዛሬውኑ ጀምሪልኝ ልጄ።»

«ዝግጁ ነኝ። ወንድሜ የጀመረውን ያሳዩኝና ካቆመበት ልቀጥል።»

«የቱን የጀመረውን?»

«ማክሰኞ የሠራውን።»

«ማክሰኞ መች ሠራ? አልጀመረም እኮ!»

«ታዲያ ምን ሲያደርግ ዋለ?» አልኩ።

«ጠዋት መጣ» አሉ። «ሳጥኑን እዚያች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ 'በሉ እናንተ ተኙ፣ እኔም ልተኛ' አላቸው። 'ነገ እመጣለሁ እናቴ' ብሎኝ ወጣ። ስድስት ዓመት እኮ ነው! በመጣ ቁጥር እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ቀን ኪሎዎቹን ያስተኛል፣ በማግስቱ ይሠራል። መሥሪያ ቤታችሁ ያዘዘው ደንብ አልነበረም እንዴ?»

ስድስት ዓመት። ሪፖርቶቹ ዓይኔ ላይ መጡ። «ማክሰኞ፦ ሥራ ተጀመረ» የሚለው የእጅ ጽሑፉ። የአንድ ቀን ሥራ ሁለት ቀን እየፈጀ፣ እኔ ደግሞ «ዘገምተኛ» እያልኩ በስልክ እየቀለድኩበት። የሰረዝኩበትን ቀን ሁሉ ከእቅዴ መልሶ ሰርቆኛል። ተከራክሮ ሳይሆን ዝም ብሎ። እኔ ነኝ የተረታሁት።

«ፊቱ እንዴት ነበር?» አልኳቸው። የመጣሁት ለዚህ ነው።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ጠረጉ። «አልዋሽሽም፣ ደክሞት ነበር። መልኩ አላማረኝም። ሐኪም ይይህ ብዬዋለሁ፣ 'ስመለስ' አለኝ። ግን አልቸኮለም። ያንን ልምልልሽ እችላለሁ። ቸኩሎ አልነበረም።»

ልቡ ቀድሞም ታምሞ ይሆናል። የእኔ እቅድ ምን ያህል እንደጨመረበት የሚነግረኝ ሚዛን የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። ሪፖርት ላይ ዋሽቶ የሚያርፍ ሰው ያደረግኩት እኔ መሆኔም አይቀርም። ነገር ግን ያቺን ማክሰኞ አልወሰድኩበትም።

«ታዲያ እንጀምር?» አሉ ኃላፊዋ።

እንደ ልማዴ አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ሳጥኑን እዚያችው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩና ክዳኑን አነሳሁት። ጓንት አድርጌ አንዱን ኪሎ ነካሁት፤ በጓንቱም በኩል ይቀዘቅዛል።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት» አልኩ። «እስከ ማታ አሥራ አንዱንም እጨርሳለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል የሚባለው?»

ሴትዮዋ ሳቁ። «ዘር ነው» አሉ።

ሆቴሉ ያው እሱ የያዘው ነው፤ እኔው ነኝ ድሮ የመረጥኩለት፣ ለፋብሪካው ስለሚቀርብ። ክፍሉን ያሳየችኝ የጽዳት ሠራተኛ ኮቱን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሰውዬው በካልሲው ነበር የሚውለው» አለችኝ። «የዚያን ቀንም ሸሚዙን ራሱ አጥቦ መስኮቱ ላይ ሰቀለ። 'እኔ ልጠብልህ' ብለው 'ዛሬ ሥራ ፈት ነኝ፣ አትቀሚኝ' አለኝ። ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ ፊቱ ላይ አድርጎ ሲያንኮራፋ እስከ ኮሪደሩ ይሰማ ነበር።»

«ሁልጊዜም ያንኮራፋል» አልኩ። ድምፄ ወጣ፣ እንባዬ ተከተለው። ሴትዮዋ ሳትጣደፍ አጠገቤ ቆመችልኝ። በኋላ ሁለተኛ ትራስ አምጥታ አልጋው ላይ አኖረች። «እሱም ይጠይቀኝ ነበር» ብላ ወጣች።

ሻንጣውን ሙሉ በሙሉ አራገፍኩት። ልብሱን ሰቀልኩ፣ ባዶውን ሻንጣ አፉን ከፍቼ መስኮቱ ሥር አቆምኩት። ፀሐይ ገባበት። ጫማዬን አወለቅኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ልነሳ አልኩ፣ አልተነሳሁም።

ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው።

«ደረስሽ? ስንት ሚዛን ጨረስሽ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? አልጀመርሽም?»

«ኪሎዎቹ ተኝተዋል።»

«ምን?»

«ተኝተዋል። ሪፖርቱም ላይ እንደዚያው እጽፈዋለሁ፤ ማክሰኞ፦ የሻንጣው ቀን። ቀስ ብለው ያውሩ፣ ይነሱብኛል።»

ምን እንደመለሰ አልሰማሁም፤ ስልኩን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ጋደም አልኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እግሬም ብርድ ልብሱ ሥር መንቀሳቀሱን አላቆመም። ግን እስኪመሽ ድረስ አልተነሳሁም።