የተዘጋው ጤና ጣቢያ ወረፋ

ጤና ጣቢያው የተዘጋው ድንገት ነው። ልጆቻቸውን አዝለው ለክትባት የመጡ እናቶች በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ፣ «ለጊዜው አገልግሎት አንሰጥም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኙ። ሐኪሙም አዋላጇም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ ተባለ። «ለጊዜው» የተባለው ነገር ክረምቱን ተሻግሮ በጋ ገባበት። ወረቀቱ በዝናብ ታጥቦ ነጣ። ዘበኛው ብቻ፣ ማንም ሂድ ስላላለው፣ ባዶውን ግቢ መጠበቁን ቀጠለ።

ፀጉር ሠሪዋ የምትኖረው ከጤና ጣቢያው አጥር ፊት ለፊት ነው። ፀጉር ቤቷ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት። ምላሷ ስለት፣ እጇ ግን ለስላሳ ነው፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ራሱን እየሰጣት የሆዱን ይተነፍስላታል። ታናሽ እህቷ አብራት ነበር የምትኖረው። የምትወልድበት ወር ሲገባ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ «ስወልድ ፀጉሬ እንዳያስቸግረኝ ሥሪኝ» አለቻት። ታላቂቱ ቅባት ቀብታት ሹሩባውን ጀምራ መሃል ስትደርስ ስለ ባለሱቁ አንድ ቀልድ ጣል አደረገች፤ ታናሺቱ በሳቅ ፍርስ ብላ ራሷን ስትወዘውዝ አንዱ መስመር መሃል አናቷ ላይ ጠመመ።

«ቆይ ፈትቼ ላስተካክለው።»

«ተዪው ባክሽ፣ ማን ያየዋል!»

በማግስቱ ምጥ ያዛት። ሆስፒታሉ ከተራራው ማዶ ነው። አምቡላንስ ቢደወል «ሥራ ላይ ነው» ተባለ። ባለሱቁ ዕቃ የሚያመላልስባትን አሮጌ ፒካፕ አስነሣ፤ ፀጉር ሠሪዋ የእህቷን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ ያን የተቦረቦረ መንገድ ተያያዙት። ሕፃኗ እዚያው መኪናው ላይ ተወለደች፤ አለቀሰችም። የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። ተራራው ጫፍ ላይ ደርሰው የሆስፒታሉ ጣሪያ ከሩቅ ሲያብለጨልጭ እያዩ፣ እዚያው አረፈች።

የሞተችው እሷ ብቻ አልነበረችም። ያን ዓመት ጡብ ሲሸከም የኖረው ግንበኛ ሳሉ ወደ ደም ተለውጦበት ሞተ። የዳቦ ጋጋሪዋ መንታ ልጆች ትኩሳት ይዟቸው ተከታትለው አለፉ። ሌሎችም ነበሩ። የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛው መምህር፣ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ጫማቸው አለቀ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልካቸዋል፤ ሌላው «እየታየ ነው» ይላቸዋል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

አንድ ቀን ኮሚቴው ፀጉር ቤቷ ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ፣ የእህቷን ልጅ ያዘለችው ፀጉር ሠሪ ማበጠሪያዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«እኔ ከእንግዲህ ቢሮ አልሄድም። ጤና ጣቢያ ነው የምሄደው።»

«ዝግ ነው እኮ ልጄ» አሉ መምህሩ።

«ዝግ ይሁናላ ጋሼ! የታመመ ሰው ሌላ የት ይሄዳል? በየጠዋቱ ሄደን ወረፋ እንይዛለን። እዚያው ተቀምጠን ሰው መሆናችንን ይዩ።»

ባለሱቁ ሳቀ። «የዝግ ቤት ወረፋ! እኔ ደግሞ ባዶ መደርደሪያ ልሽጥላችሁ።» ሳቀ እንጂ በማግስቱ ከሱቁ በርጩማ ተሸክሞ ከሁሉ ቀድሞ የተገኘው እሱ ነበር።

ዘበኛው የግቢውን በር ከፈተላቸው። «ግቢውን ጠብቅ ነው ያሉኝ፤ ሰው አታስገባ ያለኝ የለም» አለ። ከግድግዳው ጥግ የድሮዎቹ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች እንዳሉ ነበሩ። ጠዋት ጭጋግ ከተራራው ወርዶ ግቢውን ይሞላዋል፤ ሰውና ግድግዳ አይለይም። ፀጉር ሠሪዋ ልጅቷን አዝላ ስትገባ፣ ድሮ እንደለመደችው፣ «መጨረሻው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ አንድ የሻከረ የወንድ ድምፅ፣ ከበሩ አጠገብ።

ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች። ጭጋጉ ሲገፈፍ ከአጠገቧ ማንም አልነበረም። አንድ ጉዳይ አስታውሶ ሄዶ ይሆናል አለች በሆዷ።

እንዲህ እንዲህ እያለ መሰለፉ ተለመደ። የሚሠራ ሰው ሥራው እስኪደርስ ይቀመጣል፤ ሥራ የሌለው እስከ እኩለ ቀን ይቆያል። መምህሩ ግን አንድ ነገር አስከፋቸውና አንድ ጠዋት ተነሥተው ተቆጡ።

«ጎበዝ፣ ይሄ ነገር ደስ አይልም! ጭጋጉ እያለ ግቢው ጢም ብሎ አየዋለሁ፤ ፀሐይ ሲወጣ ግን ግማሻችን የለንም። እየሾለከ የሚሄደው ማነው? የሚፈራ ካለ ይናገር!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። የሾለከ የለም። ማንም ከተቀመጠበት አልተነሣም።

በዚያው ሰሞን አንድ ሳል ተሰማ። ከደረት ሥር ተቆፍሮ የሚወጣ፣ ሲጀምር የማያባራ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት የሚቀጥን ሳል። የግንበኛውን ሳል የማያውቅ የሰፈሩ ሰው የለም፤ በሕይወት ሳለ ገና ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ ያስታውቀው ነበር። ባለሱቁ የጀመረው ቀልድ አፉ ውስጥ ቀረ። የግንበኛው ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ በሩ አተኩራ አየች፤ ጭጋግ ብቻ ነው። ሲበተኑ ባለሱቁ ዘበኛውን ጎተት አድርጎ አስቀረው፤ ፀጉር ሠሪዋም ቆመች።

«አንተ ሰው፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ምን አለ?»

ዘበኛው ኮቱን ሰበሰበ። «ለእናንተ ነው አዲስ። እኔ ከተዘጋ ጀምሮ አብሬያቸው ነኝ። ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ እግሬ አውጪኝ ልል ነበር። ኋላ ግን፣ ሰው እየጠበቀ እንዴት ጥዬ እሄዳለሁ አልኩ።»

«ክፉ ያደርጋሉ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ምን ክፉ ያደርጋሉ? ወረፋቸውን ነው የሚጠብቁት።»

ወሬው በሰፈሩ ተዳረሰ። ከፊሉ ሰው መምጣቱን ተወ፤ ልጆቹንም በዚያ በኩል እንዳያልፉ ከለከለ። ፀጉር ሠሪዋም ፈርታ ነበር። ግን እሷ ያስጀመረችውን እሷው ብታፈርሰው ምን ይባላል ብላ፣ እልኳ ከፍርሃቷ በልጦ ሄደች። ያን ቀን ጭጋጉ ወፍራም ነበር። ቦታዋን ይዛ ስትቀመጥ ከፊቷ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታት ተቀምጣለች። ፀጉር ሠሪ የሰው ፊት ከማየቷ በፊት ራሱን ታያለች፤ ልማድ ነው። ሹሩባ ነው የተሠራችው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይመጣና መሃል አናት ላይ ይጠምማል፤ ከዚያ ተመልሶ ይቃናል።

እጇን ልትዘረጋ ፈለገች፤ እጇ አልታዘዛትም። ጀርባዋ ላይ ያለችው ሕፃን በትከሻዋ አሻግራ እያየች ኪኪኪ ብላ ሳቀች።

«እህቴ» አለች ፀጉር ሠሪዋ በቀጭን ድምፅ። «እህት ዓለም፣ አንቺ ነሽ?»

ሴትየዋ አልዞረችም። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ወደ ዝጉ በር እያየች፣ ምጥ እንደያዘው ሰው ወደፊትና ወደኋላ ትወዛወዛለች። ጭጋጉ ሲሳሳ እሷም ሳሳች። ፀጉር ሠሪዋ ያየችውን ለማንም አልተናገረችም፤ ሐዘን አናቴ ላይ ወጥቶ ነው ብላ ራሷን ገሠጸች። መቅረት ግን ከዚያ በኋላ አልሆነላትም። እህቷ እዚያ ተቀምጣ እሷ ቤቷ ምን ታደርጋለች?

የጤና ቢሮው ኃላፊ የመጣው ባልታሰበ ጠዋት ነው። «ጥቂት ሰዎች ግቢ ይዘው ረብሸዋል» ተብሎ ተነግሮት ነበር። በእርግጥም ጥቂት ነበሩ፤ ያን ቀን መምህሩ፣ ባለሱቁ፣ የግንበኛው ሚስት፣ ፀጉር ሠሪዋና ጥቂት አዛውንቶች ብቻ ተገኝተዋል። ኃላፊው ከመኪናው ወርዶ በጭጋጉ ውስጥ በአግዳሚዎቹ መካከል እየተራመደ አለፈ። አንዳንድ ቦታ ጎንበስ ይላል፤ ያናግራል፤ ራሱን ይነቀንቃል። መምህሩ ያዘጋጁትን ንግግር ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ በእጁ አስቆማቸው። ተናድዶ ነበር።

«አባቴ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ እንዲህ ዓይነት ጭካኔ ምንድነው? በሽተኛ ለሰልፍ ይወጣል? ያቺ ነፍሰ ጡር ምጥ ላይ ናት እኮ! ወደ ሆስፒታል እንውሰድሽ ብላት፣ ተራዬ ደርሷል አለችኝ።»

«የትኛዋ ነፍሰ ጡር?» አሉ መምህሩ።

«እዚህ ጋ... አሁን እኮ እዚህ...» ኃላፊው ዞረ። አግዳሚው ባዶ ነው፤ እንጨቱ በጤዛ ርሷል።

ፀጉር ሠሪዋ ተነሥታ አጠገቡ ቆመች። «ፀጉሯ እንዴት ነበር ወንድሜ?»

«ምን?»

«ፀጉሯ። እባክህ ንገረኝ።»

«ሹሩባ ናት። አንዱ መስመር መሃል ላይ ጠመም ያለ።» እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምን እንደቀረበለት ግራ ገብቶት አያት።

«እህቴ ናት። እዚያ ተራራ ላይ ነው የሞተችብኝ፤ ይቺ ልጇ ናት» ብላ ጀርባዋን አሳየችው። እንባዋ ያኔ ነው የወረደው። አላበድኩም ማለት ነው፣ እሷም እዚህ ናት ማለት ነው፤ ሁለቱ ሐሳቦች አንድ ላይ መጡባት።

ኃላፊው ሊስቅ ፈለገ። የባለሱቁን ፊት አየ፤ የግንበኛውን ሚስት ፊት አየ። የሚስቅ የለም። ቀስ ብሎ ጣቱን ወደ ግድግዳው ጥግ ቀሰረ።

«ሌሎቹስ?» አለ። «መንታዎቹስ? የሚያስለው ሰውዬስ?»

የግንበኛው ሚስት ኡኡ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ኃላፊው ጣቱን መለሰ። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ቢጠብቀውም ሂድ ሳይለው ለረጅም ጊዜ ቆየ።

ቢሮው ሲመለስ ምን እንዳለ፣ ማንን እንዳሳመነ የሚያውቅ የለም። ዓመት ሙሉ እየታየ የነበረው ነገር ግን ወዲያው ታየ። ቀለም ቀቢዎች መጡ፤ አልጋ በጭነት መኪና መጣ፤ መድኃኒት መጣ። ነርስና አዋላጅ ተመደቡ። በሚከፈትበት ጠዋት ቀርተው የነበሩትም ሳይቀሩ ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ፤ ጭጋጉም እንደ ልማዱ ወርዶ ነበር።

ነርሷ ገና ወጣት ናት። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ በሩን ከፈተችና «ተረኛ ይግባ!» አለች።

ማንም አልተነሣም።

«ምነው? ይከፈትልን ብላችሁ ስትጮኹ ከርማችሁ፣ አሁን መርፌ ፈራችሁ?»

«እህቴ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ «በሩን ከፍተሽ ያዥልን ብቻ። ቀድመውን የተሰለፉ አሉ።»

ነርሷ ልትመልስ ስትል፣ የጋዋኗ ጫፍ ሰው ታክኮት እንዳለፈ ወደ ውስጥ ተሳበ። ሳሉ ከአግዳሚው ተነሥቶ ደረጃውን ወጣ፤ በኮሪደሩ እየራቀ ሄደ። የግንበኛው ሚስት በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ የትንንሽ እግሮች ኮቴ፣ እየተሯሯጠ። ዳቦ ጋጋሪዋ «ቀስ በሉ፣ እንዳትወድቁ!» አለች፤ ራሷን መቆጣጠር አቅቷት ነው። ከዚያ የምርኩዝ ድምፅ። ከዚያ የሚጎተት ነጠላ ጫማ። ወረፋው ሰዉ ከገመተው በላይ ረጅም ነበር፤ ማንም የማያውቃቸው፣ ከሌላ ሰፈር የመጡ የሚመስሉም ነበሩበት። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ነርሷ በሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች፤ አልለቀቀችውም።

በመጨረሻ የፀጉር ቅባት ሽታ አለፈ። ፀጉር ሠሪዋ ጀርባ ላይ ያለችው ሕፃን አንገቷን ከአግዳሚው እስከ በሩ ድረስ ቀስ እያለች አዞረች። ፀጉር ሠሪዋ ልትከተል አንድ እግሯን አነሣች። መምህሩ እጇን ያዟት።

«ተዪ ልጄ፣ ተራዋ ነው።»

ጭጋጉ ሲገፈፍ ግቢው ውስጥ የቀረው በሕይወት ያለው ሰው ብቻ ነበር። ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጋሼ፣ ግፊትዎን ይለኩ እንጂ» አለ። መምህሩም ኮታቸውን አስተካክለው ገቡ። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ጤና ጣቢያ ነበር፤ የሚጨቃጨቅ፣ ወረፋ የሚያጭበረብር፣ መርፌ ሲያይ የሚያለቅስ።

ፀጉር ሠሪዋ ልጅቷን አስከትባ ስትወጣ የማዋለጃው ክፍል በር ገርበብ ብሎ አየችና ገባች። አልጋው አዲስ ነው፤ ፍራሹ የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈለትም። ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻትና እጇን ፍራሹ ላይ አሳረፈች። ሞቅ ያለ ነበር፤ ሰው ከላዩ አሁን እንደተነሣ።

አዋላጇ ፎጣ ይዛ ገባች። «እህት፣ ምን ፈለግሽ? ገና ማንም አልተኛበትም እኮ።»

«ልጄን ላሳርፋት ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ትንሽ ብቻ።»

አዋላጇ ፊቷን አየቻትና ፎጣውን ትራስ አድርጋ ዘረጋችላት። ሕፃኗን ሙቁ ቦታ ላይ አስተኟት፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።