የበኩሩ ስግደት

በኮሪያ፣ በአንዶንግ ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ታክ ማንሱን በትግል የጣለ ሰው አልተፈጠረም፤ በሬዎች ሳይቀሩ ሲያዩት መንገድ ይለቁ ነበር። የጣለው ስትሮክ ብቻ ነው። ግራ ጎኑን ያዘውና ያ ተራራ የሚያህል ሰው እንደ ሰከረ ዳክዬ ይንገዳገድ ጀመር።

መሞቱ አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው የአባቱ ሙት ዓመት ነው። በአገሩ ወግ የዚያን ቀን ከፊት ሆኖ ለሟቹ የሚሰግደው በኩር ልጅ ነው፤ ግንባሩን ወለል አስነክቶ ያለ ደጋፊ መነሳት አለበት። ታናሽ ወንድሙ ኪልሱ ደግሞ ከወዲሁ፣ «ጋሼ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ እኔ እመራዋለሁ» ማለት ጀምሯል።

ስለዚህ ማንሱ ከሆስፒታል እንደ ወጣ የባህል ሐኪሟ ዶክተር ፒዮ ዘንድ ተመላለሰ። ራሱና እግሩ ላይ መርፌ ስትሰካለት ጃርት መስሎ ይተኛል። የደረቀ ቅጠል አጭሳ ወደ ጉልበቱ ስታስጠጋ ግን ጩኸቱ ወንዝ ማዶ ይሰማል።

«አባባ ማንሱ፣ ገና አላስነካሁዎትም እኮ!»

«ለሚመጣው ቀብድ ነው፣ ዶክተር።»

«መርፌው ብቻውን አያስነሳዎትም። ቤትዎ ይለማመዱ። ሲነሱ ደህነኛውን እግር ያስቀድሙ፤ አይቸኩሉ።»

ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ኦክቡንን ፊቱ አስቀመጠና ሰገደላት። እየተንገዳገደ ተነሳ። ደስ አለውና ደገመ።

«ገደልከኝ እንዴ?» ብላ ማንኪያ ወረወረችበት። «ለሕያው አንዴ፣ ለሙት ሁለቴ! በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?»

«ለአባባ እየተለማመድኩ ነው፣ አንቺ ሴትዮ!»

«እንግዲያ ለግድግዳው ስገድ!»

ያ ግድግዳ በአገሩ ካሉ ሙታን ሁሉ የበለጠ ተሰገደለት።

ቀኑ ደረሰ። ዓሣው፣ ፍራፍሬውና የሩዝ መጠጡ ገበታው ላይ ተደረደረ፤ ማንሱ ከፊት፣ ኪልሱና ልጆቹ ከኋላ ቆሙ። የመጀመሪያው ስግደት አማረ። በሁለተኛው ግንባሩን ወለል እንዳስነካ ግራ እግሩ እምቢ አለ።

በኩሩ ሳይነሳ ቀና የሚል የለም። ቤተሰቡ ሁሉ በግንባሩ እንደ ተደፋ ቀረ። ተራራ ተንዶ ሜዳ እስኪሆን ቆዩ።

«ጋሼ፣» አለ ኪልሱ ከወለሉ፣ «ላንሳህ?»

«ዝም በል! ከአባባ ጋር እያወራሁ ነው።»

«ምን ይልሃል?»

«አትቸኩል ይለኛል።»

ቀስ ብሎ ቀኝ እግሩን ተከለ። መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ገፋ። ወለሉ ሲንቋቋ ጎረቤት የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎት ደጅ ወጣ። ተወዛወዘ፤ ቆመ።

ከኋላው ሁሉም ተነሳ፣ ከኪልሱ በቀር። እግሩ ደንዝዞ ኖሮ፣ ሊነሳ ሲል በጎኑ ተዘረረ።

ማንሱ ዘወር ብሎ አየው።

«ዶክተር ፒዮ ማክሰኞ ትገባለች፣» አለው። «ግን ጩኸት እንዳታበዛ፤ እኔ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።»